ቆዳ ስለ ቆዳ

ሃቫና መንገድ ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ዚፕ እቀይራለሁ፤ የማንም፣ ምንም ቢሆን።
በግንቦት መጨረሻ፣ በረዶው ሲያበቃ፣
የአውሮራ ሞተር ሁሉ ከጋራዥ ሲነቃ፣
ጃኬት ይጎርፍልኛል፤ ክርኑ የተላጠ፣
አስፋልት ከትከሻው ግብሩን የቆረጠ።

አንድ ቀን የዌንደልን ስጠግን እጅጌውን፣
የተቀበረ ጠጠር ሰበረ መርፌውን።
ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፤ ስድሳ አንድ ዓመቱ፤
ቦቱ እስከ ጉልበቱ፣ ጓንት እስከ አንጓ አጥንቱ።
“የት ስትሄድ?” አልኩት። “ዳቦ ልገዛ ስል፣
ሦስት መታጠፊያ፣ ከደጄ ሳልነጠል፣
አንዷ ስልኳን ስታይ ከግቢ ወጣችና፣
ተጋደምኩ” አለኝ፤ ሳቀ፤ “ይኸው ቆሜ፣ ደኅና።”

ሲሄድ ኮቱን ዘርግቼ ብቻዬን አሰብኩኝ፤
በአፍ መፍቻዬ ቋንቋ በአንድ ቃል ተያዝኩኝ፦
የበሬውም ቆዳ፣ የሰውዬውም ቆዳ፤
አንዱ ስላንዱ ነው የከፈለው ዕዳ።
እንግሊዝኛው ለይቶ ሁለት ስም ሰጣቸው፤
መንገዱ ግን እንደ እኔ አንድ ነው የሚላቸው።

የእህቴ ልጅ ኢዮስያስ ግን
እሱ ሌላ ነው።
በነጠላ ጫማ፣ በቲሸርት፣ በቁምጣ፣
እስከ ነዳጅ ማደያ ደርሶ የሚመጣ።
“አክስቴ” ይለኛል፣ “ምን ያስጨንቅሻል?
ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለዚህ ማን ይለብሳል?
በዴንቨር ሐምሌ ውስጥ ቆዳ የተጀቦነ
ሳይወድቅ ገና ድሮ ድፎ ዳቦ ሆነ።
ደግሞስ ሕጉን አንብቢ፤ የኮሎራዶ ሕግ
ዓይንህን ሸፍን እንጂ ሄልሜት አይፈልግ።”

እውነቱን ነው። ሕጉ
“መነጽር አድርግ” ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን ጠብቆ፣
“ራስህን ለራስህ” ይላል ተጠንቅቆ።

“ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ”
ብዬ ተረትኩለት፤ አልገባም ከልቡ።
የዌንደልን ጠጠር በጣቱ አንከባለለ፣
“ሽማግሌ ስለሆነ ነው የወደቀው” አለ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁ።
ባለፈው ነሐሴ፣ ሱቄን እንደዘጋሁ፣
ከኋላው ተፈናጥጬ ቼሪ ክሪክ ሄጃለሁ፤
ክንዴ ራቁቱን፣ ቀሚሴ ተጠቅልሎ፣
ነፋስ አገጬ ሥር እንደ ሕፃን ተንጠልጥሎ።
የታጨደ ሣር ሸተተኝ፤ የግድቡ ውሃ ቅዝቃዜ
ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፤ አርባ ዘጠኙ ዓመቴ
ከመቀመጫው ወደቀ፣
ላነሣው አልዞርኩም።
ይህንን ማን ይጠግናል? በየትኛው ክር?
ነፋስም እውነት ነው። ለዚያ ነው ብዙ ያልተከራከርኩት።

ግን ማክሰኞ ለታ ጂንስ ጃኬቱን ተወልኝ፤
“ቁልፉ ወልቋል፣ አክስቴ፣ አንዴ ትከይልኝ።”
ቁልፉን ተከልኩና፣ በሩን ቆልፌ ማታ፣
ዌንደል ከጣለው ኮት፣ ካልተላጠው ቦታ፣
ሁለት ክብ ቆረጥኩኝ፤ ለክርኑ፣ ለክርኑ፤
ገበር ሥር ቀበርኩት፣ እንዳያይ በዓይኑ።
ለትከሻው ደግሞ ሁለት፣ ደረብ አድርጌ።

ሐሙስ መጣ፤ ለበሰ፤ ትከሻውን ነቀነቀ፤
“ከብዷል” አለ፣ እንደ ፈረስ አንገቱን ሰበቀ።
“ምን አስገባሽበት?”
“ክታብ ነው” አልኩት።
ሳቀ። አላወለቀውም።

የገዛሁለት ሄልሜት መደርደሪያው ላይ ነው፤
ቁልፍ አጠራቅምበታለሁ፣ ለጊዜው።

ሞተሩ ተነሣ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣
በጆሮዬ ተከተልኩት፦
አንድ መታጠፊያ፣
ሁለት፣
ሦስተኛው ላይ
የጎረቤቴ ጎማ መንፊያ ጮኸና
ጠፋኝ።